ኮሞዶር 64

ኮሞዶር 64 (በአጭሩ ሲ64) የአሜሪካው ኮሞዶር ኩባንያ ከ1982 እስከ 1994 ድረስ ያመረተው ባለ 8 ቢት የቤት ኮምፒዩተር ነው። በስሙ ላይ ያለው 64 የሚሞሪውን መጠን፣ ማለትም 64 ኪሎባይትን ያመለክታል። ከቤት ቴሌቪዥን ጋር በገመድ ተያይዞ የሚሠራ ሲሆን፣ የቁልፍ ሰሌዳውና የውስጥ ዕቃው ሁሉ በአንድ የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ነበር። በጎኑ ሁለት የጆይስቲክ መሰኪያዎች፣ በጀርባው ደግሞ የጨዋታ ካርትሪጅ ማስገቢያ ስለነበረው የጽሕፈትና የፕሮግራም መሣሪያ ብቻ ሳይሆን የቪዲዮ ጨዋታ ኮንሶልም ሆኖ አገልግሏል።

በጊነስ የድንቃድንቅ መዝገብ ከአንድ ሞዴል ብዙ የተሸጠ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ተብሎ ተመዝግቧል። የተሸጠው ብዛት በተለያዩ ግምቶች ከ12.5 ሚሊዮን እስከ 17 ሚሊዮን ይደርሳል።

በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) ናቸው።

ዋና ዋና መረጃዎች

• ዓይነት፦ የቤት ኮምፒዩተር
• አምራች፦ ኮሞዶር
• ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው፦ ጃንዋሪ 1982፣ ላስ ቬጋስ
• ለገበያ የቀረበው፦ ኦገስት 1982
• የመነሻ ዋጋ፦ 595 የአሜሪካ ዶላር
• ምርቱ የቆመው፦ 1994
• ፕሮሰሰር፦ ሞስ 6510፣ 1 ሜጋኸርትዝ ገደማ
• ሚሞሪ፦ 64 ኪሎባይት ራም፣ 20 ኪሎባይት ሮም
• ምስል፦ 320 በ200 ነጥብ፣ 16 ቀለማት፣ 8 ስፕራይት
• ድምፅ፦ የሲድ ቺፕ፣ 3 ድምፆች
• ማከማቻ፦ ካሴት፣ ፍሎፒ ዲስክ፣ ካርትሪጅ

ኮንሶልና የቤት ኮምፒዩተር

የጨዋታ ኮንሶል አንድ ሥራ ብቻ ያውቃል፤ ይኸውም በካርትሪጅ የመጣለትን ጨዋታ ማጫወት ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተሸጡት ኮንሶሎች በጣም ትንሽ ሚሞሪ ነበራቸው። ለምሳሌ በ1977 የወጣው አታሪ 2600 ያለው ራም 128 ባይት ብቻ ነው። ጨዋታው ራሱ በካርትሪጁ ውስጥ ባለ የማይጠፋ ቺፕ (ሮም) ላይ ተጽፎ ስለሚመጣ ማሽኑ ብዙ ሚሞሪ አያስፈልገውም ነበር።

የቤት ኮምፒዩተር ግን የቁልፍ ሰሌዳ፣ ሊጻፍበት የሚችል ሰፊ ራም፣ እንዲሁም ሥራን የሚያስቀምጡበት ካሴት ወይም ዲስክ አለው። ተጠቃሚው የሌሎችን ፕሮግራም ከመጠቀም አልፎ የራሱን መጻፍ ይችላል። ሁለቱ መሣሪያዎች ግን በውስጥ ዕቃቸው እጅግ ይቀራረቡ ነበር። ቴሌቪዥን ላይ ምስል መሣል፣ ድምፅ ማውጣት፣ የጆይስቲክን እንቅስቃሴ ማንበብ ለሁለቱም የጋራ ሥራ ነው። በመሆኑም በኮንሶል ላይ የቁልፍ ሰሌዳና ራም የጨመረ ወደ ኮምፒዩተር ይጠጋል፤ ከኮምፒዩተር ላይ የቁልፍ ሰሌዳውን የቀነሰ ደግሞ ኮንሶል ያገኛል። ኮሞዶር ሁለቱንም መንገድ ሞክሯል።

ታሪክ

የኩባንያው መነሻ

ኮሞዶርን የመሠረተው ጃክ ትራሚል በ1928 በፖላንድ ሉጅ ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወደ አውሽቪትዝ የናዚ ካምፕ ተወስዶ ከሞት ከተረፉት አንዱ ሲሆን፣ ከጦርነቱ በኋላ ወደ አሜሪካ ሄደ። በአሜሪካ ጦር ውስጥ የጽሕፈት መኪና መጠገን ከለመደ በኋላ በ1950ዎቹ በዚሁ ሙያ ንግድ ጀመረ። ኩባንያው ከጽሕፈት መኪና ወደ ሒሳብ ማሽን፣ ከዚያም ወደ ኤሌክትሮኒክ ካልኩሌተር ተሸጋገረ።

በ1970ዎቹ አጋማሽ ኮሞዶር ቺፕ የሚገዛበት ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ራሱ ካልኩሌተር እየሠራ በርካሽ መሸጥ ጀመረ። ቺፕ የሚገዛው ነጋዴ ቺፕ ከሚሠራው ጋር በዋጋ መወዳደር ስላልቻለ ኮሞዶር ከውድቀት አፋፍ ደረሰ። ትራሚል ከዚህ የወሰደው ትምህርት አንድ ነበር፤ ቺፑን ራሱ የሚሠራ በሌላ ሰው ዋጋ አይታነቅም። በ1976 ሞስ ቴክኖሎጂ የተባለውን የቺፕ ፋብሪካ ገዛ። ይህ ፋብሪካ በ1975 ቸክ ፔድልና ባልደረቦቹ የነደፉትን 6502 ፕሮሰሰር በ25 ዶላር በመሸጥ የታወቀ ነበር። 6502ና ተወላጆቹ በአፕል 2፣ በአታሪ 2600 እና በኔንቲዶ የመጀመሪያው የካርትሪጅ ኮንሶል ውስጥ ገብተዋል።

ኮሞዶር በ1977 ፔት የተባለውን ኮምፒዩተር፣ ከዚያም ቪክ-20ን አወጣ። ቪክ-20 አንድ ሚሊዮን በመሸጥ የመጀመሪያው ኮምፒዩተር ሆነ። ማስታወቂያውም ወላጆችን ጨዋታ ብቻ የሚያጫውት ዕቃ ከመግዛት ይልቅ ጨዋታም ትምህርትም ያለበትን እንዲመርጡ ይገፋፋ ነበር።

ከኮንሶል ቺፕ ወደ ኮምፒዩተር

በ1981 በሞስ ቴክኖሎጂ የሚሠሩ መሐንዲሶች ሁለት አዳዲስ ቺፖችን መንደፍ ጀመሩ። አንዱ ለምስል፣ ሌላው ለድምፅ ነበር። የምስሉን ሥራ አል ቻርፐንቲር፣ የድምፁን ሮበርት ያነስ ይመሩ ነበር። መጀመሪያ የታሰቡት ለአዲስ የጨዋታ ኮንሶል ነው። ቺፖቹ በ1981 መጨረሻ ሲደርሱ ትራሚል ሐሳቡን ለወጠ፤ በእነዚሁ ቺፖች 64 ኪሎባይት ሚሞሪ ያለው ኮምፒዩተር እንዲሠራና በጃንዋሪ 1982 በላስ ቬጋስ በሚደረገው የኤሌክትሮኒክ ዕቃዎች ትርኢት ላይ እንዲቀርብ አዘዘ። ለዚህ የነበራቸው ጊዜ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነበር።

በዚያ ወቅት 64 ኪሎባይት ራም ለቤት ኮምፒዩተር እንደ ቅንጦት ይቆጠር ነበር። ትራሚል ግን ማሽኑ ገበያ እስኪወጣ ድረስ የራም ዋጋ ይወርዳል ብሎ ገመተ፤ ግምቱም ትክክል ሆነ። በትርኢቱ ላይ የተነገረው 595 ዶላር ተፎካካሪዎችን አስደነገጠ። ለማነጻጸር ያህል፣ በ1981 የወጣው የአይቢኤም ፒሲ መነሻ ዋጋ 1,565 ዶላር፣ በ1983 የወጣው አፕል 2ኢ ደግሞ 1,395 ዶላር ነበር። ኮሞዶር ይህን ማድረግ የቻለው ፕሮሰሰሩን፣ የምስሉንና የድምፁን ቺፕ በራሱ ፋብሪካ ስለሚሠራ ነው።

የዋጋ ጦርነት

በ1983 ኮሞዶርና ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ እንደገና ተፋጠጡ። ኮሞዶር የሲ64ን ዋጋ በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ 200 ዶላር ገደማ አወረደ። ከዚህም በተጨማሪ አሮጌ የጨዋታ ኮንሶል ወይም የሌላ ኩባንያ ኮምፒዩተር ለሚመልስ ገዢ 100 ዶላር ቅናሽ ያደርግ ነበር። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ቲአይ-99/4ኤ የተባለውን ኮምፒዩተሩን እስከ 99 ዶላር አውርዶ ቢሸጥም ከኪሳራ አላመለጠም፤ በኦክቶበር 1983 ከቤት ኮምፒዩተር ገበያ ወጣ።

በዚሁ ዓመት የአሜሪካ የቪዲዮ ጨዋታ ገበያ ወደቀ። መደብሮች በማይሸጡ ካርትሪጆች ተጨናነቁ፤ ብዙ የኮንሶል ጨዋታ አዘጋጆችም ተዘጉ። ለውድቀቱ ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ የቤት ኮምፒዩተር ርካሽ መሆን ነው። ገዢው በተቀራራቢ ዋጋ ጨዋታም ሌላም የሚሠራ መሣሪያ ማግኘት ከቻለ ኮንሶል የሚገዛበት ምክንያት ያንሳል። በርካታ የጨዋታ ደራሲዎችም ወደ ሲ64 ዞሩ።

ድሉ ግን ለመሥራቹ አልበጀም። ትራሚል ከኩባንያው ዋና ባለድርሻ ጋር ባለመስማማቱ በጃንዋሪ 1984 ከኮሞዶር ለቀቀ። በዚያው ዓመት ጁላይ የተፎካካሪውን የአታሪን የቤት ኮምፒዩተርና የኮንሶል ክፍል ገዝቶ በቀድሞ ኩባንያው ላይ ተነሣ።

አሠራር

ፕሮሰሰርና ሚሞሪ

የሲ64 ፕሮሰሰር ሞስ 6510 ይባላል፤ ከ6502 የሚለየው በዋናነት ጥቂት የመቆጣጠሪያ መስመሮች ስለተጨመሩበት ነው። ፍጥነቱ 1 ሜጋኸርትዝ ገደማ ሲሆን፣ የአሜሪካው 1.023፣ የአውሮፓው 0.985 ሜጋኸርትዝ ነበር። ልዩነቱ የመጣው የሁለቱ አካባቢዎች የቴሌቪዥን ሥርዓት የተለያየ በመሆኑ ነው።

ባለ 8 ቢቱ ፕሮሰሰር በአንድ ጊዜ ሊደርስበት የሚችለው የሚሞሪ አድራሻ 65,536 ብቻ ነው። ይህም ከ64 ኪሎባይቱ ራም ጋር እኩል ስለሆነ ለ20 ኪሎባይቱ ሮም ቦታ አይተርፍም። መፍትሔው ራምና ሮም ተመሳሳይ አድራሻ እንዲጋሩ ማድረግ ነበር። ፕሮግራሙ በ6510 ላይ ባሉት መስመሮች አማካይነት ሮሙን ሸፍኖ ከሥሩ ያለውን ራም መግለጥ ይችላል። የጨዋታ ደራሲዎች የቤዚክ ቋንቋን ሮም በዚህ መንገድ እየደበቁ ቦታውን ለጨዋታቸው ይጠቀሙበት ነበር።

የሚሞሪውን ጥበት ለመረዳት፣ ዛሬ አንድ የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ 3 ባይት እንደሚይዝ ማስታወስ ይጠቅማል። በዚህ ስሌት የሲ64 ራም በሙሉ የሚይዘው 21,845 ፊደላት ነው። በዚህች ቦታ ነው ምስሉ፣ ሙዚቃውና የጨዋታው ሕግ ሁሉ የሚገባው።

ምስል

የምስሉ ቺፕ ቪክ-2 ይባላል። በስክሪኑ ላይ 320 በ200፣ ማለትም 64,000 ነጥቦችን ያሳያል። ለእያንዳንዱ ነጥብ ቀለም አንድ ባይት ቢመደብ ኖሮ ምስሉ ብቻውን ሚሞሪውን ሊጨርሰው ምንም አይቀረውም ነበር። ስለዚህ ስክሪኑ 8 በ8 ነጥብ ወደሆኑ 1,000 ሕዋሶች ተከፈለ፤ በዋናው የሥዕል ስልት አንድ ሕዋስ ሁለት ቀለም ብቻ ይይዛል። ሙሉው ሥዕል በዚህ መንገድ 9,000 ባይት ገደማ ይበቃዋል። ተጨማሪ ቀለም የፈለገ ደራሲ ወርዱን በግማሽ ቀንሶ (160 በ200) በአንድ ሕዋስ እስከ አራት ቀለም መጠቀም ይችል ነበር። የብዙ የሲ64 ጨዋታዎች ነጥቦች በወርድ ሰፋ ብለው የሚታዩት ለዚህ ነው።

ለጨዋታ ትልቁ ጥቅም ስፕራይት የተባለው ነው። ስፕራይት ከኋላው ያለውን ሥዕል ሳያበላሽ በስክሪኑ ላይ የሚንቀሳቀስ ትንሽ ምስል ሲሆን፣ ለምሳሌ ሯጭ ሰው፣ አውሮፕላን ወይም ጥይት ሊሆን ይችላል። ቪክ-2 እያንዳንዳቸው 24 በ21 ነጥብ የሆኑ 8 ስፕራይቶችን ያሳያል። ደራሲው ማድረግ ያለበት የስፕራይቱን ቦታ በቁጥር መንገር ብቻ ነው፤ የመሣሉን ሥራ ቺፑ ራሱ ይሠራል። ሁለት ስፕራይቶች ሲነካኩም ቺፑ ያሳውቃል፤ ይህም ጥይት ዒላማውን መምታቱን ለማወቅ ያገለግላል። ከዚህም ሌላ ቺፑ ሥዕሉን ነጥብ በነጥብ ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ ያንሸራትታል። እነዚህ ሁሉ የኮንሶል ባሕርያት ናቸው።

የቴሌቪዥን ምስል ከላይ ወደ ታች በመስመር በመስመር ስለሚሣል፣ ደራሲዎች አንድ ስፕራይት በስክሪኑ የላይኛው ክፍል ተሥሎ ካለቀ በኋላ ያንኑ ወደ ታች አውርደው ዳግመኛ መጠቀምን ተማሩ። በዚህ ዘዴ በአንድ ጊዜ ከ8 በላይ የሚንቀሳቀሱ ምስሎች ይታዩ ነበር።

ድምፅ

የድምፁ ቺፕ ሲድ 6581 የሮበርት ያነስ ሥራ ነው። ያነስ ሙዚቃ የሚያውቅ መሐንዲስ ስለነበረ፣ የሠራው የጨዋታ ጩኸት ማውጫ ሳይሆን በአንድ ቺፕ ውስጥ የገባ የሙዚቃ ሲንተሳይዘር ነበር። ሦስት ድምፆችን በአንድ ጊዜ ያሰማል። እያንዳንዱ ድምፅ ከአራት የሞገድ ቅርጾች ሊመርጥ ይችላል፤ የድምፁ አነሣስ፣ ቆይታና አወራረድም በቁጥር ይወሰናል። ድምፁን የሚያጣራ ፊልተርም አለው። ያነስ በኋላ ከኮሞዶር ወጥቶ ኤንሶኒክ የተባለውን የሙዚቃ መሣሪያ ኩባንያ ከመሠረቱት አንዱ ሆነ።

ሦስት ድምፅ ለሙሉ ሙዚቃ ጥቂት ነው። እንደ ሮብ ሃባርድ፣ ማርቲን ጋልዌይና የሩን ቴል ያሉ አቀናባሪዎች አንዱን ድምፅ በፍጥነት ከኖታ ወደ ኖታ በማዝለል ጆሮ እንደ ኅብረ ድምፅ እንዲሰማው ያደርጉ ነበር። የዚህ ዓይነቱ ሙዚቃ ዛሬም ተሰብስቦ ይደመጣል።

መሰኪያዎች

ሁለቱ የጆይስቲክ መሰኪያዎች የአታሪን ባለ 9 እግር ሥርዓት የተከተሉ በመሆናቸው የአታሪ ጆይስቲክ ያለው ሰው አዲስ መግዛት አያስፈልገውም ነበር። አንደኛው መሰኪያ ከቁልፍ ሰሌዳው ጋር አንድ መስመር ስለሚጋራ ጆይስቲኩ ሲንቀሳቀስ ቁልፍ የተመታ ያህል ፊደላት በስክሪኑ ላይ ይወጣሉ። በዚህ ምክንያት ለአንድ ሰው የተሠሩ አብዛኞቹ ጨዋታዎች ሁለተኛውን መሰኪያ ይጠቀማሉ።

ጨዋታው የሚጫነው እንዴት ነበር?

ሲ64 ጨዋታን በሦስት መንገድ ይቀበል ነበር። ልዩነታቸው ቴክኒካዊ ብቻ አልነበረም፤ ማን ጨዋታ መግዛት እንደሚችልና ማን ሠርቶ መሸጥ እንደሚችል የወሰነው ይህ ነው።

ካርትሪጅ፦ ማሽኑ ሲበራ በጀርባው ካርትሪጅ መኖሩን ይፈትሻል፤ ካለ ቤዚክን ትቶ በቀጥታ ወደ ጨዋታው ይገባል። ሲ64 ሙሉ በሙሉ ኮንሶል የሚሆነው በዚህ ጊዜ ነው። መጠበቅ የለም፤ ሆኖም ቺፕ ያለበት ካርትሪጅ ለማምረት ውድ ነው።

ካሴት፦ ዳታሴት በተባለ ልዩ የካሴት ማጫወቻ ይነበባል። ካሴቱ ራሱ ለሙዚቃ የሚያገለግለው ተራ ካሴት ነው። ፍጥነቱ በሴኮንድ 50 ባይት ገደማ ስለነበር 30 ኪሎባይት የሆነ ጨዋታ ለመጫን 10 ደቂቃ ያህል ይፈጅ ነበር። በኋላ የመጡ የማፋጠኛ ፕሮግራሞች ይህን በብዙ እጥፍ አሳጠሩት። በብሪታንያ ካሴት ዋነኛው መንገድ ነበር፤ ማስተርትሮኒክ የተባለው አሳታሚ ከ1984 ጀምሮ ጨዋታዎችን በ1.99 ፓውንድ ይሸጥ ስለነበር ልጆች በኪስ ገንዘባቸው መግዛት ቻሉ።

ፍሎፒ ዲስክ፦ 1541 የተባለው የዲስክ ማንበቢያ በአንድ ገጽ 170 ኪሎባይት ያህል ይይዛል። በውስጡ የራሱ 6502 ፕሮሰሰርና 2 ኪሎባይት ራም ስለነበረው እርሱ ራሱ ትንሽ ኮምፒዩተር ነበር ማለት ይቻላል። ያም ሆኖ በዝግታው የታወቀ ነው፤ በሴኮንድ ከ300 እስከ 400 ባይት ብቻ ያስተላልፋል። የዝግታው ምክንያት ከቪክ-20 ዘመን በተወረሰ የመገናኛ ቺፕ ጉድለት ሳቢያ መረጃው በቺፕ መተላለፉ ቀርቶ በፕሮግራም ቢት በቢት እንዲላክ መደረጉ ነው። እንደ ኤፒክስ ፋስት ሎድ ያሉ ማፋጠኛ ካርትሪጆች ይህን አምስት እጥፍ ያህል ያፋጥኑት ነበር። በአሜሪካ ዲስክ ከካሴት ይልቅ ተስፋፍቷል።

የታወቁ ጨዋታዎች

ለሲ64 በሺዎች የሚቆጠሩ ጨዋታዎች ተዘጋጅተዋል። ከታወቁት መካከል፦

• ኢምፖሲብል ሚሽን (1984)፦ ዴኒስ ካስዌል ለኤፒክስ ኩባንያ የሠራው ሲሆን፣ በድምፅ ቺፑ የሰው ንግግር በማሰማቱ ይታወሳል።
• ሰመር ጌምስ (1984)፦ የኦሊምፒክ ዓይነት ውድድሮችን የያዘ፣ ተጫዋቾች በየተራ የሚሳተፉበት ጨዋታ።
• ኤሊት (በሲ64 በ1985)፦ በጠፈር እየተዘዋወሩ የሚነግዱበት ጨዋታ፤ መጀመሪያ በ1984 ለቢቢሲ ማይክሮ ተሠራ።
• ዘ ላስት ኒንጃ (1987)፦ በሥዕሉና በሙዚቃው ጥራት የታወቀ የብሪታንያ ሥራ።
• ማኒያክ ማንሽን (1987)፦ ሮን ጊልበርትና ጋሪ ዊኒክ በሉካስፊልም ጌምስ የሠሩት። ተጫዋቹ ትእዛዝ በጽሑፍ ከመጻፍ ይልቅ በስክሪኑ ላይ ቃላትን እየመረጠ ይጫወታል።
• ዘ ግሬት ጂያና ሲስተርስ (1987)፦ የጀርመን ጨዋታ፤ ከኔንቲዶ ሱፐር ማሪዮ ብሮስ ጋር እጅግ በመመሳሰሉ ከገበያ ተነሣ።
• ተሪካን (1990)፦ ማንፍሬድ ትሬንዝ የሠራው፤ የማሽኑን አቅም እስከ ጫፍ የተጠቀመ ተብሎ ይጠቀሳል።

በ1985 ደግሞ ኳንተም ሊንክ የተባለ አገልግሎት የሲ64 ባለቤቶችን በስልክ መስመር ማገናኘት ጀመረ። በዚህ አገልግሎት ላይ ሉካስፊልም ጌምስ ሃቢታት የተባለ፣ ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚገቡበት የጋራ ዓለም ሞከረ። ተጠቃሚን የሚወክለውን ምስል አቫታር ብሎ መጥራት እንዲለመድ ካደረጉት ሥራዎች አንዱ ይህ ነው። የኳንተም ሊንክ ባለቤት ድርጅት በኋላ አሜሪካ ኦንላይን ሆነ።

ክፍት መሣሪያና መዘዙ

ለሲ64 ጨዋታ ለመሥራት ከኮሞዶር ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልግም ነበር። ጨዋታውን ለመጫወት የተገዛው ማሽን ጨዋታ ለመሥራትም ይበቃል፤ ማባዣውም የካሴት ማጫወቻ ነው። በዚህ ምክንያት በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉ ወጣቶች ከመኝታ ክፍላቸው ጨዋታ ሠርተው ለአሳታሚ ይሸጡ ነበር።

ይኸው ክፍትነት ሌላ ገጽታም ነበረው። ሊጻፍበት የሚችል ካሴትና ዲስክ ሊቀዳም ይችላል። አሳታሚዎች ዲስኩ እንዳይቀዳ ልዩ ልዩ መከላከያ ሲያደርጉ፣ መከላከያውን የሚሰብሩ ወጣቶች ተነሡ። እነዚህ ሰባሪዎች በሰበሩት ጨዋታ መግቢያ ላይ ስማቸውን፣ ተንቀሳቃሽ ሥዕልና ሙዚቃ ይጨምሩ ነበር። ቀስ በቀስ መግቢያው ከጨዋታው ተለይቶ ራሱን የቻለ ጥበብ ሆነ፤ ዴሞሲን ተብሎም ተጠራ። ፊንላንድ በ2020፣ ጀርመን በ2021 ዴሞሲንን በብሔራዊ የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስ መዝገባቸው ላይ አስፍረዋል።

ኔንቲዶ በ1985 ኮንሶሉን ወደ አሜሪካ ሲያመጣ የተከተለው ተቃራኒውን መንገድ ነበር። በማሽኑና በካርትሪጁ ውስጥ እርስ በርስ የሚተዋወቁ ቺፖች አስገብቶ፣ ያለ ፈቃዱ የተሠራ ካርትሪጅ እንዳይሠራ አገደ። ይህ የ1983ቱ ዓይነት መጨናነቅ እንዳይደገምና ገቢው እንዳይጠፋ ጠበቀው፤ በሌላ በኩል ግን ማን ጨዋታ መሥራት እንደሚችል የሚወስነው ኩባንያው ብቻ ሆነ። ዛሬ በኮንሶልና በስልክ የመተግበሪያ መደብሮች ላይ የሚነሣው ክርክር መሠረቱ ያው ነው።

መጫወቻ ወይስ መማሪያ?

ሲ64 ለወላጆች የተሸጠው ለልጅ ትምህርት የሚጠቅም ተብሎ ነው። በብዙ ቤት ውስጥ ግን ዋና ሥራው ጨዋታ ነበር። ሆኖም ካርትሪጅ ሳይገባበት ሲበራ ማሽኑ የሚያሳየው ሰማያዊ ስክሪን፣ 38,911 ባይት ነጻ መሆኑን የሚገልጽ መስመርና ትእዛዝ የሚጠብቅ ብልጭታ ነው። ጨዋታ ለመጫን እንኳ የቤዚክ ትእዛዝ መጻፍ ያስፈልጋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ተጫዋች ፈለገም አልፈለገም ወደ ፕሮግራም ጽሕፈት በር ላይ ይቆም ነበር።

በሩ ግን ሰፊ አልነበረም። ከማይክሮሶፍት የተገኘው ቤዚክ ለሥዕልና ለድምፅ የሚሆን ትእዛዝ አልነበረውም። ተማሪው ፖክ በተባለው ትእዛዝ ቁጥሮችን በቀጥታ ወደ ሚሞሪ አድራሻ መጻፍ ነበረበት። ለምሳሌ በአድራሻ 53280 ላይ ዜሮ ሲጻፍ የስክሪኑ ጠርዝ ይጠቁራል። ይህ ለጀማሪ አስቸጋሪ ቢሆንም፣ ማሽኑ በውስጡ እንዴት እንደሚሠራ ያስተምር ነበር።

እንደ ብሪታንያው ዛፕ 64 ያሉ መጽሔቶች ጨዋታዎችን ይገመግሙ ነበር። እንደ ኮምፒዩትስ ጋዜትና የጀርመኑ 64ኧር ያሉት ደግሞ ሙሉ የፕሮግራም ጽሑፍ ያትሙ ነበር፤ አንባቢው ገጾቹን ቁጥር በቁጥር ይገለብጣል። አንድ ስሕተት ፕሮግራሙን ስለሚያቆመው መጽሔቶቹ የእያንዳንዱን መስመር ትክክለኛነት የሚፈትሽ አጭር ፕሮግራም አብረው ያወጡ ነበር። የሊነክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ ፕሮግራም መጻፍ የጀመረው በሲ64 ታላቅ ወንድም፣ በአያቱ ቪክ-20 ላይ ነው።

ወደ ኮንሶል መመለስ

ኮሞዶር በሲ64 ቺፖች ንጹሕ የጨዋታ ማሽን ለመሥራት ሁለት ጊዜ ሞክሯል። የመጀመሪያው በ1982 በጃፓን የወጣው ማክስ ማሽን ነው። ራሙ ትንሽ፣ የቁልፍ ሰሌዳው ለመጻፍ የማይመች ስለነበር ብዙ ሳይቆይ ቀረ።

ሁለተኛው በ1990 በአውሮፓ የወጣው ኮሞዶር 64 ጌም ሲስተም ነው። በውስጡ ሙሉው ሲ64 አለ፤ የቁልፍ ሰሌዳው፣ የካሴቱና የዲስኩ መሰኪያ ግን ተቀንሷል። ለካርትሪጅ ብቻ የተሠራ በመሆኑ አራት ጨዋታዎች ያሉበት ካርትሪጅ ይዞ መጣ። ችግሩ ወዲያው ታየ። አንዳንድ ካርትሪጆች ለመጀመር የቁልፍ ሰሌዳ መምታት ይጠይቃሉ፤ የተርሚኔተር 2 ካርትሪጅ የዚህ ምሳሌ ሆኖ ይጠቀሳል። ከዚህም በላይ ተራው ሲ64 ያንኑ ጨዋታ በርካሽ ካሴት ማጫወት ስለሚችል፣ ያነሰውን መሣሪያ ለመግዛት ምክንያት አልነበረም። በዚያው ጊዜ የሴጋ ባለ 16 ቢት ኮንሶል አውሮፓ ገብቶ ነበር። ጌም ሲስተሙ ከገበያ ጠፋ።

ሌሎች ተመሳሳይ መሣሪያዎች

• አታሪ 400 እና 800 (1979)፦ በእነዚህ ኮምፒዩተሮች ቺፖች አታሪ 5200 የተባለው ኮንሶል በ1982 ተሠራ፤ ሆኖም የአንዱ ካርትሪጅ በሌላው አይሠራም ነበር። በ1987 የወጣው አታሪ ኤክስኢ ጌም ሲስተም ደግሞ የሚነቀል የቁልፍ ሰሌዳ ነበረው።
• ኮሌኮ አዳም (1983)፦ ራሱን ችሎ ወይም በኮሌኮቪዥን ኮንሶል ላይ ተጨማሪ ሆኖ የሚሠራ ኮምፒዩተር። ሲበራ የሚያወጣው የማግኔት ኃይል በውስጡ የተተወን ካሴት ሊያጠፋ ይችል ነበር። በ1985 ቆመ።
• ፋሚሊ ቤዚክ (1984)፦ የኔንቲዶን የጃፓን ኮንሶል ወደ ኮምፒዩተር የሚለውጥ የቁልፍ ሰሌዳና ካርትሪጅ።
• ኤምኤስኤክስ (1983)፦ ብዙ ኩባንያዎች የተጋሩት የኮምፒዩተር ደረጃ። ሜታል ጊር የተባለው ጨዋታ በ1987 መጀመሪያ የወጣው ለኤምኤስኤክስ 2 ነው። በኩዌት ሳኽር በሚል ስም የዐረብኛ ኤምኤስኤክስ ይሸጥ ነበር፤ ኤኤክስ-990 የተባለው ሞዴል በአንድ ሣጥን የሴጋ ሜጋ ድራይቭ ኮንሶልንም ይዟል።
• አምስትራድ ጂኤክስ4000 (1990)፦ ከሲፒሲ ኮምፒዩተሮች የተወለደ ኮንሶል፤ እንደ ኮሞዶር ጌም ሲስተም ሁሉ ሳይሳካለት ቀረ።

መጨረሻውና ትሩፋቱ

ኮሞዶር በ1985 ኮሞዶር 128ን፣ በ1986 ደግሞ አዲስ ቅርጽ ያለውን 64ሲን አወጣ። አሚጋ የተባለው የላቀ ኮምፒዩተሩ ከመጣ በኋላም ሲ64 በርካሽነቱ፣ በተለይ በአውሮፓ፣ መሸጡን ቀጠለ። በኤፕሪል 1994 ኩባንያው ከሰረ፤ የሲ64 ምርትም አብሮ ቆመ። ጃክ ትራሚል በ2012 አረፈ።

የቀሩት ማሽኖች ዕድሜ እየበላቸው ነው። በተለይ የመጀመሪያው የኃይል ማስተላለፊያ ሲበላሽ ከሚገባው በላይ ቮልት እየላከ የራም ቺፖችን ያቃጥላል፤ ስለዚህ ሰብሳቢዎች አሮጌውን ማስተላለፊያ ሳይፈትሹ እንዳይሰኩ ይመከራሉ። ካሴቶችና ዲስኮችም መግነጢሳዊ ጽሑፋቸውን እያጡ ነው። ቫይስ የተባለው ኢሙሌተር በዘመናዊ ኮምፒዩተር ላይ ሲ64ን አስመስሎ በማሠራት ፕሮግራሞቹ እንዳይጠፉ ረድቷል።

በ2004 ጄሪ ኤልስወርዝ የነደፈችው፣ 30 ጨዋታዎችን የያዘና ሙሉው ማሽን በአንድ ጆይስቲክ ውስጥ የገባበት ሲ64 ዲቲቪ ተሸጠ። በ2018 ደግሞ ዘሲ64 ሚኒ የተባለው ትንሽ ቅጂ ወጣ። በቅርጹ ላይ የሚታየው የቁልፍ ሰሌዳ ለጌጥ ብቻ ነው፤ አይጻፍበትም። በቀጣዩ ዓመት የወጣው ሙሉ መጠን ያለው ሞዴል ግን የሚሠራ የቁልፍ ሰሌዳ ይዞ መጥቷል።

ደግሞ ይዩ

• የቤት ኮምፒዩተር
• የቪዲዮ ጨዋታ ኮንሶል
• ቪክ-20
• አሚጋ
• ዴሞሲን
• ቤዚክ (የፕሮግራም ቋንቋ)